ዓይን ውስጥ የማይገባ የካሜራ ቦርሳ፦ ዶምኬ፣ ቢሊንግሃም፣ ቲንክ ታንክ፣ ፒክ ዲዛይን ወይስ እዚሁ የተሰፋ?

በጥር ሰርግ ሰሞን አብሮኝ የሚሰራው ልጅ "አንተ ግን ስትመጣ ፎቶ አንሺ ሳይሆን የባንክ ሰራተኛ ነው የምትመስለው፣ ካሜራው የታለ?" ብሎ ሳቀብኝ፣ እኔ ደግሞ ደስ አለኝ። ካሜራው፣ ሁለት ሌንስና ፍላሹ እኮ እዛው ጎኔ ላይ ተንጠልጥለዋል፣ እሱ ላፕቶፕ መስሎት ነው። ከዛ ወዲህ "የትኛውን ቦርሳ ልግዛ" የሚለኝ ሰው ስለበዛ፣ በእጄ የገቡትን (አንዳንዱ የራሴ፣ አንዳንዱ ከጓደኛ ተውሼ ሳልመልስ የቆየሁት) ጎን ለጎን ላስቀምጣቸውና እናንተው ምረጡ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንስማማ። ዩትዩብ ላይ "ይሄ ቦርሳ የካሜራ ቦርሳ አይመስልም" እያሉ የሚያሞግሱት ካኪ ሸራ ቆዳ ማሰሪያ ያለው ምናምን፣ እነሱ ሀገር ልክ ነው፣ እዛ አስተማሪውም ዓሣ አጥማጁም እንደዛ አይነት ነገር ያነግታል። ጎንደር ላይ ግን ካኪ ሸራ ቦርሳ አንግቶ ፋሲል ግቢ በር ላይ የቆመ ሰው ወይ ቱሪስት ነው ወይ ዶክመንተሪ ሊሰራ የመጣ ነው፣ ሌላ ምንም ሊሆን አይችልም። ሀበሻ ብትሆንም ልጆቹ ይከቡሃል፣ አስጎብኚው "ከአዲስ አበባ ነህ?" ይልሃል፣ ፎቶ ልታነሳቸው ያሰብካቸው እማማ ደግሞ ገና ካሜራው ሳይወጣ ነጠላቸውን ማስተካከል ይጀምራሉ። እዚህ ዓይን ውስጥ የማይገባው ጥቁር የጎን ቦርሳ ነው፣ የላፕቶፕ አይነት፣ ተማሪው ወደ ማራኪ (የዩኒቨርሲቲው ግቢ) ሲወጣ፣ የቢሮው ሰውዬ ባጃጅ ሲሳፈር የሚይዘው። ስለዚህ ከታች የማወዳድረው በዚህ ዓይን ነው፣ የፈረንጆቹን ደረጃ እርሱት።

ሁለተኛ፣ የምትይዙትን እቃ መዝኑ። ሰው ቦርሳ ይገዛና በኋላ ነው እቃውን የሚያስበው። ለምሳሌ ካኖን ፋይቭ ዲ ማርክ ስሪ ከነባትሪው 950 ግራም ነው፣ 24-70 ሌንሱ (ሁለተኛው ትውልድ) 805፣ 70-200 ኤፍ 2.8 ሁለተኛው ትውልድ ብቻውን 1,490፣ 600 የሚባለው ፍላሽ ደግሞ ያለ ባትሪ 425። ደምሩት፣ ቦርሳው ሳይቆጠር 3 ኪሎ ከ670 ግራም ሆነ፣ ሁሉም አንድ ትከሻ ላይ። ሶኒ ኤ ሰቨን ስሪ ያለው ልጅ ግን ቦዲው (ሌንስ የሌለው ካሜራው) 650፣ ታምሮን 28-75 የመጀመሪያው 550፣ የሶኒው 85 ኤፍ 1.8 ደግሞ 371፣ ጠቅላላ ከ1 ኪሎ ተኩል ትንሽ አለፍ ይላል። ሁለቱ ሰዎች አንድ አይነት ቦርሳ ሊገዙ አይገባም። ከ3 ኪሎ በላይ ከሆነባችሁ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለቀኑ ሙሉ ስራ የጀርባ ቦርሳ ግዙ፣ እኔ ሚያዝያ ላይ ሶስት ሰርግ በተከታታይ ሰርቼ አንገቴ አልዞር ብሎኝ ያውቃል።

እሺ ወደ ቦርሳዎቹ።

ዶምኬ ኤፍ ቱ። ይሄ የጋዜጠኞች ቦርሳ ነው፣ ጂም ዶምኬ የሚባል የፊላደልፊያ ጋዜጣ ፎቶግራፈር በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ለራሱ ብሎ የፈጠረው። ሸራ ነው፣ ልስልስ ያለ፣ ግድግዳው ላይ ስፖንጅ የለውም ማለት ይቻላል፣ ውስጡ ለሌንስ የሚሆን አራት ክፍል ያለው ማከፋፈያ አለው። ስፖንጅ ስለሌለው ሰውነታችሁ ላይ ይተኛል፣ እንደ ሳጥን ጎናችሁ ላይ አይቆምም፣ ይሄ ነው ትልቁ ጥቅሙ፣ ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ሰው በሰው ላይ ሲሆን ማንንም ሳትገፉ ታልፋላችሁ። ማንገቻው ውስጥ ጎማ ክር ስለተሰራበት ከትከሻ አይንሸራተትም፣ እንደዛ አይነት ማንገቻ ሌላ ላይ አላየሁም። መዝጊያው የብረት መንጠቆ ነው፣ ድምጽ የለውም። ጉዳቱስ? አንደኛ ባጃጅ ውስጥ ጉልበታችሁ ላይ ካላስቀመጣችሁት ጎንደር ድንጋይ መንገድ ላይ ሌንስ ከሌንስ ይጋጫል። ሁለተኛ ውሃ።

የውሃውን ነገር ትንሽ ላውራው፣ ምክንያቱም እዚህ ከተማ ውስጥ ክረምቱ ብቻ አይደለም ችግሩ። ጥር 10 ከተራ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባህር ይወርዳሉ፣ ያድራሉ፣ ጥር 11 ጠዋት ውሃው ከተባረከ በኋላ የሚሆነውን ጎንደር ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ በቧንቧ ይረጫል፣ ወጣቱ ይዘላል፣ ደረቅ ሆኖ የሚመለስ ሰው የለም። አንዴ የተዋስኩትን ዶምኬ ይዤ ነበር፣ ሸራው ጠበል እንደ ጥጥ ጠጣ፣ ካሜራው አንገቴ ላይ ስለነበር በላስቲክ ሸፍኜው ተረፈ እንጂ ቦርሳ ውስጥ የነበረው ትርፍ ሌንስ ጉም የለበሰ ይመስል ነበር። ለባለቤቱ ከመመለሴ በፊት ሁለት ቀን ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አሰጥቼዋለሁ (ይሄን ካነበበ ይቅርታ)። ሰም የተቀባ ዶምኬ አለ፣ እሱ ይሻላል፣ ግን ሰሙ በየጊዜው ይታደሳል፣ ፀሐይ ላይ ደግሞ ነጭ ልብስ ላይ ምልክት እንዳይተው እፈራለሁ፣ የእኛ በዓል እንዳለ ነጭ በነጭ ነው።

ቢሊንግሃም ሃድሊ ፕሮ። እንግሊዝ ውስጥ የሚሰራ ነው፣ ድርጅቱ በፈረንጆቹ 1973 ላይ ሲጀምር የዓሣ ማጥመጃ ቦርሳ ነበር የሚሰራው፣ በኋላ ፎቶ አንሺዎች እየገዙ ለካሜራ እንደሚያውሉት ሲያውቅ ወደዛ ዞረ። ሸራው ሁለት ሽፋን ሆኖ መሀሉ ላይ ጎማ አለ፣ ስለዚህ ጠበልም ይረጭ ዝናብም ይውረድ ግድ የለውም፣ በውሃ ከሁሉም በላይ ነው። ውስጡ ያለው የስፖንጅ ሳጥን ሙሉ በሙሉ ይወጣል፣ ሲወጣ የመጽሐፍ ቦርሳ ይሆናል። ግን ሁለት ነገር አለው። መዝጊያው ቆዳ ላይ ያለ ቀዳዳና የናስ ጉብታ ነው፣ ቆዳው አዲስ ሲሆን ይደርቃል፣ ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ እናንተ ከማሰሪያ ጋር ትታገላላችሁ። የጎን ኪስ ደግሞ አብሮት አይመጣም፣ ለብቻ ነው የሚሸጠው፣ ይሄ ነገር ያናድደኛል። ካኪው ከነቡኒ ቆዳው በጣም ያምራል፣ እና ችግሩም እሱ ነው፣ ከሩቅ "ውድ ነኝ" ይላል። ጥቁር በጥቁር የሆነው አለ፣ ከገዛችሁ እሱን ግዙ። ዋጋው ግን... በሐምሌ 2016 ብር ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በዶላር የተጻፈ ነገር ስመለከት ስክሪኑን አጠፋለሁ። ያ ገንዘብ ካላችሁ ሌንስ ግዙበት።

ቲንክ ታንክ ሬትሮስፔክቲቭ። በካሊፎርኒያ በፈረንጆቹ 2005 ፎቶግራፈሮችና ዲዛይነሮች ተሰባስበው የጀመሩት ድርጅት ነው፣ እና ቦርሳውን ስትነኩት ፎቶ አንሺ እንዳሰበበት ይታወቃችኋል። የቬልክሮውን (ሲላቀቅ የሚጮኸው ተለጣፊ መዝጊያ) ነገር ልብ በሉልኝ። ተክሊል ላይ ሰርታችሁ የምታውቁ ይገባችኋል፣ ቤተክርስቲያን ውስጥ ቄሱ እያነበቡ፣ ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ፣ አንተ ሌንስ ልትቀይር ቦርሳህን ስትከፍት ቸርርርር... እኔ ላይ ደርሷል፣ አንዲት እናት ዞር ብለው ያዩኝ አስተያየት እስካሁን አይረሳኝም፣ ምንም አላሉም፣ ብቻ ማዕተባቸውን ያዙ። ይሄ ቦርሳ ቬልክሮው ላይ የሚታጠፍ ሽፋን አለው፣ ስታጥፉት ድምጹ የለም፣ ሩጫ ሲሆን ደግሞ መልሳችሁ ትገልጡታላችሁ። የዝናብ ልብስም አብሮት ይመጣል። ስፖንጁ ጥሩ ነው፣ ባጃጅ አያስፈራውም። በዛው ልክ ግን ራሱ ባዶውን ይከብዳል፣ ወፈር ያለ ነው፣ ስትሞሉት እንደ እርጉዝ ይነፋል፣ ዶምኬው ሰውነት ላይ እንደሚተኛው አይተኛም። ጥቁሩ ተራ ቦርሳ ይመስላል፣ ከውጭ ከሚመጡት ውስጥ ለጎንደር ሰርግ ሰራተኛ ምረጥ ብባል ያለ ማመንታት ይሄን ነው።

ፒክ ዲዛይን ኤቭሪዴይ ስሊንግ 6 ሊትሩ። አጭር ልበል። ለሶኒ ልጆች ነው። አንድ ቦዲ ከሁለት ትንንሽ ሌንስ ጋር፣ በቃ። ደረት ላይ ይታሰራል፣ ዘንድሮ ወጣቱ ሁሉ ደረቱ ላይ ትንሽ ቦርሳ ስላሰረ ማንም ዞር ብሎ አያያችሁም፣ ኪስ አውላቂም ፊት ለፊታችሁ ስለሆነ አይደፍርም። ዚፑ ጥሩ ነው፣ ውሃ ቶሎ አያስገባም። 70-200 ያለው ሰው ይሄን መስመር ይዝለለው።

አሁን የኔ። ከሰልባጅ ተራ ጥቁር የጎን ቦርሳ ገዛሁ፣ ክዳን ያለው፣ ከውስጥ ደግሞ ዚፕ ያለው። ስትመርጡ ስፋቱን በዓይን አትገምቱ፣ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ፣ ተራ የላፕቶፕ ቦርሳ ቀጭን ነው፣ 6 ሳንቲ ምናምን፣ ካሜራ አይገባበትም። ፋይቭ ዲ ቦዲ ወርዱ 15 ሳንቲ ነው፣ 24-70 ሌንሱ ደግሞ ከጎን ወደ ጎን 9 ሳንቲ ገደማ፣ ሌንሱ ወደ ታች ሆኖ ሲቆም ቁመቱ ወደ 19 ይደርሳል። ስለዚህ ቦርሳው ከፊት ወደ ኋላ ቢያንስ 15 ሳንቲ (የቦዲው ቁመት ብቻውን 12 ገደማ ነው፣ ስፖንጁም ቦታ ይበላል)፣ ከፍታው ደግሞ 24 አካባቢ ካልሆነ አትግዙ፣ ሻጩ "ይሰፋል ጋሼ" ቢላችሁም አይሰፋም።

ከዛ ለስፖንጁ። የመጀመሪያ ጊዜ የተሳሳትኩት እዚህ ጋር ነው። የፍራሽ ስፖንጅ ቆርጬ ልብስ ሰፊ ጋር ወሰድኩት፣ በወሩ ጠፍጥፎ እንደ ቂጣ ሆነ። የፍራሽ ስፖንጅ አየር የሚያስወጣ ስለሆነ ክብደት ሲያርፍበት ይሟሽሻል፣ ውሃም ይጠጣል። ሰዎች መሬት ላይ አንጥፈው ስፖርት የሚሰሩበት ምንጣፍ አለ አይደል፣ እሱን ነው መቁረጥ ያለባችሁ፣ ድርብ አድርጋችሁ፣ እሱ ውሃም አይጠጣ ቶሎም አይጠፈጠፍ። ከላይ ለስላሳ ጨርቅ ይለበጥበት፣ የቦርሳው ወለል ላይ ከዘይት ጀሪካን የተቆረጠ ፕላስቲክ አስገቡበት፣ ቅርጹን ይይዛል። ማከፋፈያውን በቬልክሮ ካደረጋችሁ ማፈናቀል ይቻላል፣ እዚህ ቬልክሮው አንዴ ከተለጠፈ ስለማይነካ ድምጽ የለውም። ማንገቻውን ግን ልብስ ሰፊው አይስፋው፣ ጫማ ሰፊ ጋር ውሰዱት፣ በወፍራም ክር እጥፍ ድርብ አድርጎ ይሰፋላችኋል፣ ሰልባጅ ቦርሳ መጀመሪያ የሚበጠሰው እዛ ጋር ነው። ለቦርሳው፣ ለምንጣፉ፣ ለሁለቱም ሰፊዎች የከፈልኩት ተደምሮ የአንድ ኦሪጅናል ባትሪ ዋጋ አልደረሰም።

ጉድለቱን ልደብቅ አልፈልግም። ክዳኑ መንጠቆ የለውም፣ ዝም ብሎ የሚወድቅ ነው፣ አንድ ቀን ፒያሳ ላይ ዚፑን ሳልዘጋ ከላይኛው ኪስ ካርድ ላወጣ ጎንበስ ስል 50 ሚሊ ሜትሩ ተንከባለለ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። ደግነቱ ቀላሏ 160 ግራም ሌንስ ነበረች፣ ፊልተሯ ብቻ ተሰነጠቀ። ዝናብ ላይ ደግሞ ቲንክ ታንክን አያክልም፣ ሁሌ አንድ ትልቅ ላስቲክ አጣጥፌ የኋላ ኪስ ውስጥ አስቀምጣለሁ፣ ጥምቀት ላይ ሁሉን ነገር በላስቲክ ጠቅልዬ ነው የምገባው። በዓል ላይ ፍተሻም ስላለ ዕቃው ከላይ ሲከፈት ሁሉም በአንዴ ቢታይ ይሻላል፣ በዚህ በኩል የኔው ቦርሳ ከቢሊንግሃም ይፈጥናል፣ ፈታሹ ማሰሪያ እስክፈታ አይጠብቀኝም።

አንዱ ሽማግሌ ፎቶ አንሺ "እኛ እኮ በዘንቢል ነበር" ብሎኛል፣ ከላይ ሽንኩርት ከስር ካሜራ። ቀልዱን ይሁን እውነቱን አላውቅም ግን ዓይን ውስጥ ባለመግባት ከሆነ አንደኛ ነው።

እንግዲህ ባጭሩ የጠየቀኝ ሰው ካለ፣ ሰርግ ሙሉ ቀን ከነ70-200 የምትሰሩ ከሆነ ጥቁሩን ሬትሮስፔክቲቭ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ አስመጡ፣ ከሌለ አሰፉ። ገበያ፣ ሰፈር፣ የሰው ፊት የምታነሱ፣ አንድ ቦዲና ሁለት ሌንስ ብቻ የያዛችሁ ዶምኬን በበጋ አትለፉት፣ ካኪውን ሳይሆን ጥቁሩን። ሶኒ የያዛችሁ ደረታችሁ ላይ እሰሩና ሂዱ። እና እባካችሁ ከካሜራው ጋር የመጣውን ትልቅ ስም የተጻፈበትን የካሜራ ማንገቻ አውልቁት ወይ በጥቁር ፕላስተር ሸፍኑት፣ ቦርሳው ምንም ያህል ተራ ቢመስል ያ ቢጫና ቀይ ጽሑፍ ከክዳኑ ስር ብቅ ካለ ልፋታችሁ ገደል ገባ። ጥቁር ያገለገለ ዶምኬ የሚሸጥ ሰው ካያችሁ ደግሞ መጀመሪያ ለኔ ንገሩኝ፣ የተዋስኩትን መመለስ አለብኝ።