ከመናኸሪያው አጠገብ የተከራየሁት ኦቴሎ

ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አጠገብ ሸራ ወጥሮ አሮጌ መጻሕፍት የሚያከራይ ልጅ አለ። ኪራዩ በሳምንት 20 ብር፣ መያዣው 200 ብር ነው። መያዣዬን እስካሁን ሦስት ጊዜ ሳይጎድል መልሶልኛል።

እኔ ጠባሴ ነው የምኖረው፤ የሀበሻ ቀሚስ ጥልፍ እሠራለሁ። ተውኔት በመጽሐፍ አንብቤ አላውቅም ነበር። ልጁ ሥራዬን ሲያውቅ «እትዬ፣ ይሄኛው ውስጥ የጥልፍ ነገር አለ፤ ይውሰዱት» ብሎ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተረጎመውን የሼክስፒር ኦቴሎ ሰጠኝ። ደንበኛውን አይቶ መጽሐፍ የሚመርጥ ነጋዴ ብዙ አላጋጠመኝም።

የታሪኩ ክፋት ሁሉ የሚዞረው በአንዲት መሀረብ ነው። እንጆሪ የተጠለፈባት፣ ኦቴሎ ከእናቱ ያገኛትና ለሚስቱ ለዴዝዴሞና የሰጣት መሀረብ ናት። ከዴዝዴሞና ስትወድቅ አገልጋይዋ ኤሚሊያ አንስታ ለባሏ ለኢያጎ ትሰጠዋለች፤ እሱም ዴዝዴሞና ከኦቴሎ ምክትል ከካሲዮ ጋር ወስልታለች ለማሰኘት ካሲዮ ቤት ይጥላታል። ካሲዮ ደግሞ ለወዳጁ ለቢያንካ «ጥልፉን ቅጂልኝ» ብሎ ያቀብላታል። እዚህ ስደርስ መርፌዬን አስቀምጬ ደግሜ አነበብኩት። የሰው ጥልፍ መቅዳት ቀላል አይደለም፤ ጨርቁን ገልብጠሽ ክሩ ከየት ተነስቶ የት እንደታሰረ ማየት አለብሽ። ቢያንካ ግን ሌላ ሴት የሰጠችው ነው ብላ ጠርጥራ መሀረቡን መልሳ ወረወረችለት። ያቺን መሀረብ ማንም ገልብጦ አላያትም። ኦቴሎ ራሱ ከየት ወጥታ በማን እጅ እንዳለፈች አጣርቶ ቢሆን ኖሮ ሚስቱን ባልገደላት ነበር።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ቡና ላይ ጮክ ብለን ማንበብ ጀመርን። ስምንተኛ ክፍል ያለችው ልጄ ዴዝዴሞናን፣ የጎረቤት ልጅ ኢያጎን ያነባሉ። ብርዱ አላስወጣ ሲል ጋቢ ለብሰን ምድጃውን ከበን ነው። ሰው ሁሉ ኢያጎን ይረግማል ብዬ ነበር፤ ክርክሩ የተነሳው ግን በኤሚሊያ ነው፤ መሀረቡን ለማን እንደሰጠች እያወቀች ለምን ዝም አለች በሚል።

አምና በግቢያችን አንድ ትዳር በስልክ ፎቶ ፈርሷል። ሚስት ከአንድ ወንድ ጋር ካፌ ተቀምጣ ተነሳችና ፎቶው ለባል ተላከ። ሰውየው የአክስቷ ልጅ መሆኑ የታወቀው ዕቃዋን ይዛ ከወጣች በኋላ ነው። ማን እንዳነሳው የሚያውቅ ሰው አለ፤ እስከ ዛሬ ግን አልተናገረም። ስለዚህ ኤሚሊያ በመጨረሻ እውነቱን አውጥታ በባሏ እጅ ስትሞት፣ ከመንዝ የመጡ አንድ እናት «ዘግይታም ቢሆን ተናግራለች» አሉ። ከዚያ ማንም ቃል አልተነፈሰም። በረካው ሳይቀዳ ቀረ። ከ400 ዓመት በፊት የተጻፈ ነገር እንደዚያ ቤቴን ዝም ያሰኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ቅሬታዬን ልናገር። መጽሐፉ ፎቶ ኮፒ ነው፤ አንዳንድ ገጽ ላይ ፊደሉ ደብዝዟል። ከአራተኛው ክፍል ሁለት ገጽ የለም። ስነግረው 10 ብር ቀነሰልኝ፤ ሳልወስደው በፊት ቢነግረኝ ይሻል ነበር። ቀን ላሳለፈ በየቀኑ 5 ብር ያስከፍላል፤ ይህ ተገቢ ነው፤ ሌላ ሰው ይጠብቃልና።

የከበደ ሚካኤል ሮሜዎና ዡልየትም አለው። እኚያ እናት ተርጓሚው የመንዝ ሰው መሆናቸውን ሲሰሙ ደስታቸው ልዩ ነበር፤ ቀጥሎ የምንወስደው እሱን ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የሚባለውን፣ የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን ፋቡላ ጠይቄው አላገኘሁም። ደራሲው የዚሁ የሸዋ ሰው ናቸውና ፈልጎ ቢያስገባው እኔ የመጀመሪያዋ ተከራይ ነኝ።

ኦቴሎን ለአንድ ሳምንት አራዝሜዋለሁ። ቅዳሜ ማታ ኤሚሊያ የምትናገርበትን ደግመን እናነባለን፤ እሷን የማነበው እኔ ነኝ። ከባሏ የተለየችው ጎረቤታችንም እመጣለሁ ብላለች።