«ስትመለሺ ማን ያይልሻል?» ብለው ለጠየቁኝ ዶክተር

እህቶቼ፣ የጡት ኦፕራሲዮን ለማድረግ ውጭ አገር ልትሄዱ ያሰባችሁ ካላችሁ ይህችን አንብቡልኝ። እኔ ተሠርቼ ተመልሻለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ያከሙኝን ዶክተር በአደባባይ ሳላመሰግን ዝም ብል ግን ነውር ነው።

በፊት ያናገርኳቸውን ቦታዎች ስም አልጠራም፤ አንጀቴን ግን አሳርረውታል። ፎቶ ላኪ አሉኝ፣ ላክሁ። ያየው ሐኪም ይሁን ሻጭ እንጃ፣ ወዲያው ዋጋ ተላከልኝ። «በዚህ ሳምንት ካስያዝሽ ቅናሽ አለው!» ምን በሽታ አለብሽ፣ ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ ያለኝ አንድ ሰው የለም። አንዷማ ጡት ውስጥ ስለሚገባው ሲሊኮን ዓይነት ብጠይቃት «እሱን ለእኛ ተይው» ብላ አፌን አስያዘችኝ። የጠየቅኩት እኮ ስለ ገዛ ገላዬ ነው!

እኚህን ዶክተር ያገኘሁት በሰው ጥቆማ ነው። ራሳቸው በቪዲዮ አናገሩኝ። ልጆቼን ካጠባሁ ወዲህ ጡቴ ወርዶ፣ ልብስ የምመርጠው ለመደበቅ ብቻ ሆኖ ነበር፤ ሲሊኮን ይግባልኝ አልኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ «የአንቺ መውረድ እንጂ ማነስ አይደለም፣ ማንሳት ይበቃሻል» አሉኝ። ሲሊኮን ዕድሜ ልክ የሚቆይ እንዳልሆነ፣ ውሎ አድሮ ሌላ ኦፕራሲዮን ሊያስከትል እንደሚችል፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ከአንድ የካንሰር ዓይነት ጋር በመያያዙ ከገበያ የተሰበሰበ ሸካራ ገጽ ያለው ዓይነት እንደነበረ ከእሳቸው ነው የሰማሁት። ማንሳቱም ጠባሳ እንደሚተው፣ እንደገና ካረገዝኩ ጡቴ ሊወርድ እንደሚችል አልደበቁኝም። አቆራረጡንና ስፌቱን በሥዕል አስረድተውኛል፤ እውነቱን ለመናገር ግማሹ አልገባኝም።

ከሁሉ የማልረሳው ግን ቀን ቁረጡልኝ ስላቸው የጠየቁኝ ነው። «አገርሽ ስትመለሺ ቁስሉን የሚያይልሽ ሐኪም ማን ነው?» ዝም አልኩ። «መጀመሪያ እሱን ፈልጊ፣ ከዚያ ቀን እንቆርጣለን።» ገንዘቤን ለመቀበል የማይቸኩል ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው! የመልስ ቲኬቱንም ደም እንዳይረጋብኝ ብለው አራዘሙት፤ የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት ኤንኤችኤስም ከጡት ኦፕራሲዮን በኋላ ከ5 እስከ 7 ቀን ሳይሞላ አትብረሩ ነው የሚለው።

ቤቴ ከገባሁ በኋላ ስፌቱ ዙሪያውን ቀላብኝና ደነገጥኩ። እንዳሉኝ ፈልጌ እዚህ ያገኘኋት ሐኪሜ ዶክተሩ የጻፉላትን ደብዳቤ አስቀድማ አንብባ ስለነበር አንድም ነገር ከሀ መጀመር አላስፈለገኝም፤ እሳቸውም ራሳቸው ደውለው ከእሷ ጋር ተነጋገሩ። ያ ጥያቄ ባይጠየቅ ኖሮ ያን ለሊት የማንን በር አንኳኳ ነበር?

የትም ሂዱ፣ ቢላውን የሚይዘውን ሐኪም ራሱን ሳታናግሩ ቀብድ አትክፈሉ። ለእኔ ግን እንደ እሳቸው ያለ የለም፤ ደግሜ እላለሁ፣ የለም። ሳላስፈቅድ ስማቸውን እዚህ መጻፍ አልፈለግኩም፣ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ዶክተር፣ እጅዎ ይባረክ!