የጄንቲያን ዘር ፓኬት፦ ለጎንደር ግቢ ይሆናል?

ዘመድ ከአውሮፓ ይዞት የሚመጣው የጄንቲያን ዘር ፓኬት ሥዕሉ ያማልላል። መሬት ላይ ጥቅጥቅ ብሎ የተነጠፈ ቅጠል፣ በላዩ ወደ 5 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም የመለከት ቅርጽ ያለው ደማቅ ሰማያዊ አበባ። ግንድ አልባ የሚባለው ይህ ዝርያ የአልፕስና የፒሬኒስ ተራሮች ተክል ነው። ከአምስት ሦስት ነጥብ እንሰጠዋለን፤ ነጥቡን የቀነሰበት ዘሩ ሳይሆን በብዛት ከጀርባው የሚጻፈው መመሪያ ነው።

መመሪያው «ከክረምት በፊት ይዝሩና ውጭ ይተዉት» ይላል። ይህን አምኖ ሰኔ ላይ የዘራ ሰው ዘሩን ያጣል። የእነሱ ክረምት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ውርጭ ነው፤ ለእኛ በጋ ማለት ነው። ዘሩ ደግሞ ረጥቦ ለሳምንታት ካልቀዘቀዘ ከእንቅልፉ አይነቃም። የጎንደር ሐምሌ ውሃውን ይሰጣል፣ ያን ያህል ብርድ ግን የለውም። ከጤፍ ብዙም የማይበልጠውን ዘርም ዝናቡ ጠርጎት ይሄዳል።

ስለዚህ ብርዱን ከፍሪጅ መውሰድ ነው። ዘሩን ከ2 የሾርባ ማንኪያ የታጠበና እርጥብ አሸዋ ጋር ደባልቀው ክዳን ባለው ትንሽ ዕቃ ውስጥ ያስቀምጡት። አሸዋው ሲጨመቅ ውሃ ማንጠባጠብ የለበትም። ከ2 እስከ 5 ዲግሪ ባለው መደርደሪያ ላይ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይቆይ፤ በረዶ ቤት አይግባ። ነሐሴ 1 የገባ ዘር ለመስቀል 7 ሳምንት ያልፈዋል፤ ያኔ ዝናቡም እየቀለለ ስለሚሄድ ለመዝራት ጥሩ ጊዜ ነው። መብራት ለጥቂት ሰዓት ቢጠፋ ዘሩን አይጎዳውም፤ ፍሪጁን አለመክፈት ብቻ ነው።

ሲዘሩ አሸዋውን ከነዘሩ ማሰሮ ውስጥ ባለ አፈር ላይ በትነው በጠፍጣፋ እንጨት ጫን ያድርጉት። አፈር አያልብሱት፤ ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል። ውሃ ከላይ ከማፍሰስ ማሰሮውን ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጦ ከሥር እንዲጠጣ ማድረግ ይሻላል። ላዩን በላስቲክ ከሸፈኑ በየቀኑ ይክፈቱለት፤ ታፍኖ ከዋለ የችግኙ አንገት ይበሰብስና ይወድቃል። ችግኝ ከሚያልቅባቸው ምክንያቶች ዋነኛው ይህ ነው።

የጎንደር ጥቁር መረሬ ለብቻው አይሆንም። ክረምት ውሃ ይቋጥራል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ሥሩንም ይበጥሳል። 2 እጅ ቀይ አፈር፣ 1 እጅ የበሰለ ብስባሽ፣ 1 እጅ ደቃቅ ጠጠር ይደባልቁ። ትኩስ ፍግ አይጨመር፤ ሥሩን ያቃጥላል። ተክሉ ሲዛወር አፈሩ ዙሪያውን በደንብ ይጠቅጠቅ፤ ልል አፈር አይወድም። የጠዋት ፀሐይ ያግኝ፣ ከቀትር በኋላ ጥላ ይኑረው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ አፈሩ አንድ ቀን እንኳ ሙሉ በሙሉ መድረቅ የለበትም። በዝናብ ወራት ቀንድ አውጣ ለጋውን ቅጠል ስለሚበላ ምሽት ላይ በእጅ መልቀም ያስፈልጋል።

አበባውን በተመለከተ ግልጽ እንሁን። ይህ ዝርያ በአውሮፓ ግቢዎችም ቅጠሉ አምሮ አበባ በመከልከል የታወቀ ነው፤ ከዘር ተነሥቶም ለማበብ ከ2 እስከ 3 ዓመት ይፈልጋል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ላይ ብትሆንም ውርጭ የላትም፤ የሥዕሉን ያህል አበባ መጠበቅ ተገቢ አይደለም። ከጎንደር 700 ሜትር ያህል ከፍ የሚለው ደባርቅ ላይ ያለ አትክልተኛ የተሻለ ዕድል አለው። ስሜን ፓርክ ውስጥ ግን የውጭ ዘር ፈጽሞ መዘራት የለበትም፤ የጅብራውና የአስታው ምድር እንደ ነበር ይቆይ።

ፓኬት የሚያስልኩ ሰዎች ዘሩ የተሰበሰበበትን ዓመት አስቀድመው ይጠይቁ። የጄንቲያን ዘር ሲያረጅ የመብቀል አቅሙ ይቀንሳል፤ ዓመቱ ያልተጻፈበትን ፓኬት አይቀበሉ።