ጋሻ ማንበብ የተማርንበት ቅዳሜ፦ ከልጄ ጋር ዊንዘር

የልጄ አስተማሪ የቤት ሥራ ሰጠችው። «የቤተሰባችሁን አርማ ሣሉ» ይላል። ልጄ 9 ዓመቱ ነው። «ማሚ፣ የእኛ አርማ ምን ዓይነት ነው?» ሲለኝ መልስ አጣሁ።

መጀመሪያ ያደረግኩት ስህተት ነበር። ኢንተርኔት ላይ የቤተሰብ አርማ በፍሬም አዘጋጅቶ የሚልክ ሱቅ አገኘሁ። ስሙን አልጠራም። የአባቴን ስም ጻፍኩ፣ 45 ፓውንድ ከፈልኩ። በሳምንቱ መጣ። ሰማያዊ ጋሻ ላይ ጥቁር አንበሳ ተሥሎበታል። ከሥሩ የአባቴ ስም በአሮጌ ፊደል ተጽፏል። «የጥንት ቤተሰባችሁ አርማ» የሚል ወረቀትም አለው። ግን እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። አያቴ የሚጠሩት በሌላ ስም ነበር፣ ልጄም የሚጠራው በራሱ አባት ስም ነው። ሱቁ ጥንታዊ ቤተሰብ ያደረገው አንድ ሰው ነው፣ አባቴን። ገንዘቤን ጠየቅኩ፣ አልመለሱልኝም።

ይህን ለሥራ ባልደረባዬ ሳወራላት «ልጁን ዊንዘር ውሰጂው» አለችኝ፣ ለንደን አቅራቢያ ያለውን የእንግሊዝ ነገሥታት ቤተ መንግሥት ማለቷ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ለንደን ካለው የዋተርሉ ጣቢያ ባቡር ተሳፈርን። ሳይቀየር በቀጥታ ይሄዳል፣ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። መግቢያው ርካሽ አይደለም። ግን ለዚያ ገንዘብ ያገኘሁትን ትምህርት ሌላ ቦታ አላገኘሁም። አንድ ነገር ያዙልኝ፦ እሑድ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ያለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ለጎብኚ ዝግ ነው፣ የሚገባው ለጸሎት የመጣ ብቻ ነው። የመጣችሁበት ዋና ነገር ደግሞ ያለው እዚያ ነው።

ከመግባታችን በፊት ባቡር ውስጥ ለልጄ ትንሽ አነበብኩለት። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ይህ ሄራልድሪ የሚባለው የአርማ ሥርዓት በ12ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አካባቢ ነው አውሮፓ ውስጥ የተስፋፋው። ተዋጊው የራስ ቁር ሲያጠልቅ ፊቱ አይታይም። በጦር ሜዳም ሆነ በጦር ጨዋታ ላይ ማን ማን እንደሆነ በጋሻው ሥዕል ይታወቃል። ሥዕሎቹን በቃላቸው የሚይዙ አዋጅ ነጋሪዎች ነበሩ። እንግሊዝ ውስጥ ንጉሥ ሪቻርድ ሦስተኛ በ1484 እነዚህን ሰዎች አንድ ተቋም አድርጎ አቋቋማቸው። ተቋሙ እስከ ዛሬ ለንደን ውስጥ አለ፣ አርማም ይሰጣል። አርማ የሚሰጠው ለሰው ነው፣ ከዚያ ዘሩ ይወርሰዋል። የአንድ ስም ባለቤቶች ሁሉ የጋራ አርማ የሚባል ነገር የለም። የእኔ 45 ፓውንድ የሄደው በሌለ ነገር ነው።

ከሁሉ ልጄን የያዘው የቀለም ሕግ ነው። ወርቅና ብር፣ ማለት ቢጫና ነጭ፣ «ብረት» ይባላሉ። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴና ሐምራዊ «ቀለም» ናቸው። ብረት በብረት ላይ፣ ቀለም በቀለም ላይ አይቀመጥም። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ ከሩቅ እንዲለይ። ያን ጊዜ ሳሎን የሰቀልኩት ጥቁር አንበሳ ትዝ አለኝ። ሰማያዊ ላይ ስለሆነ ከኩሽና ሆኜ ሳየው ጥቁር ነጥብ ነበር። የአዲስ አበባው ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ግን ከሩቅ ይታወቃል። ሰንደቃችንንም አስቡት፣ በአረንጓዴውና በቀዩ መሐል ቢጫው አለ። ሕጉን የጣሰ ዝነኛ አርማም አለ፣ የመስቀል ጦረኞች ያቋቋሙት የኢየሩሳሌም መንግሥት አርማ። የወርቅ መስቀሎች በነጭ ላይ ናቸው።

ቤተ ጸሎቱ ውስጥ የመዘምራኑ ክፍል ስንደርስ ልጄ አንገቱን ቀና አድርጎ ቀረ። በሁለቱም በኩል የተቀረጸ የእንጨት ወንበር ተደርድሯል። ከየወንበሩ በላይ የራስ ቁርና ሰይፍ አለ፣ ከዚያ በላይ ሰንደቅ ተሰቅሏል። ንጉሥ ኤድዋርድ ሦስተኛ በ1348 የመሠረተው፣ ጋርተር የሚባለው የእንግሊዝ ከፍተኛ የክብር ኒሻን አባላት ቦታ ነው። አባሉ ሲሞት ሰንደቁ ይወርዳል። ከወንበሩ ጀርባ የተመታው ትንሽ የአርማ ሰሌዳ ግን ይቀራል። ስንት መቶ ዓመት የተጠራቀመ ሰሌዳ ነው የሚያብረቀርቀው። «ያ በኋላ እግሩ የቆመው ቀይ አንበሳ የስኮትላንድ ነው፣ እነዚያ ሦስቱ የሚራመዱት የእንግሊዝ ናቸው» ብሎ ልጄ ጮክ ብሎ ሲቆጥር አንዲት አሮጊት ዞር ብለው ፈገግ አሉለት።

ጃንሆይም የዚህ ኒሻን ባለቤት ነበሩ፣ በ1954 ለጉብኝት ሲመጡ ነው የተሰጣቸው። የውጭ አገር ነገሥታት በዚህ ኒሻን ውስጥ የሚጠሩት በአንድ ቃል ነው፦ «እንግዳ»።

ያ ቃል እዚያው ቤተ ጸሎት ውስጥ ሌላ ቦታ ጠበቀን። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ መታሰቢያ የነሐስ ሰሌዳ አለ። ከመቅደላ ሲወሰድ 7 ዓመቱ ነበር። በ1879 ሲሞት 18። የተቀበረው እዚሁ ዊንዘር ነው። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው የማቴዎስ ቃል ነው፦ «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና»። አጽሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ በተደጋጋሚ ተጠይቋል፣ እስከ አሁን አልተመለሰም። ልጄ «ከእኔ በሁለት ዓመት ያንስ ነበር» አለ። እጁን ይዤ ብዙ ቆምኩ። ለዚህ ሰሌዳ ብቻም ቢሆን ሂዱ።

እዚያው ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለውን የቅዱስ ጊዮርጊስ አዳራሽንም እንዳታልፉት። በ1992 በእሳት ከተቃጠለ በኋላ እንደገና ተሠርቶ በ1997 አልቋል። ጣሪያው ላይ የኒሻኑ አባላት ጋሻዎች በሙሉ አሉ። አንዳንዶቹ ምንም የሌለባቸው ባዶ ናቸው። ከአባልነት የተሻሩ ሰዎች ናቸው፣ አርማቸው ተነሥቷል። ስም ከመፋቅ ይልቅ ባዶውን ማሳየት የከበደ ቅጣት መሰለኝ።

ማታ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግተን ተቀመጥን። በስም ላይ የሚሠራ አርማ እንዳለ ነገርኩት፣ ልክ እንደ ቅኔ። የጥንቶቹ የስፔን መንግሥታት፣ የካስቲልና የሊዮን፣ አርማ ምሽግና አንበሳ ነው፣ ስማቸው ራሱ ያንን ይላል። የአባቴ ስም ውስጥ ደግሞ «ጋሻ» የሚል ቃል አለ። ልጄ ቀይ ጀበና አረንጓዴ ላይ መሣል ጀምሮ ነበር። ራሱ አቆመና ላጲስ አነሣ። ጀበናውን ቢጫ አደረገው። አናቱ ላይ ሦስት እግር ያለው ነጭ መስመር ጨመረ፣ የበኩር ልጅ ምልክት ነው።

ለአባቴ በስልክ አሳየነው። «አባባ፣ አረንጓዴ መደብ፣ የወርቅ ጀበና፣ ነጭ የበኩር ምልክት» ብሎ አነበበላቸው። «እኔስ የት አለሁ?» አሉት። ልጄ በጣቱ የጋሻውን ጠርዝ ዙሪያውን ተከትሎ «አባባ፣ ይሄ በሙሉ እርስዎ ነዎት» አላቸው።