ለናይትሮ ሞዴል መኪና ሞተር የትኛው የብሎን ሙጫ ይገዛ?

በናይትሮ ነዳጅ የሚሠራ ትንሽ የሞዴል መኪና ሞተር በደቂቃ ከ30,000 ዙር በላይ ሊዞር ይችላል፤ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ሙቀት ሲለካም ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 130 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኖ ይገኛል። በዚህ ሁሉ ንዝረት መካከል 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ብሎኖች ቢላሉ አያስገርምም። ነገሩን የሚያከፋው ደግሞ ብሎኑ የብረት፣ የሞተሩ አካል ግን የአሉሚኒየም መሆኑ ነው፤ አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ያህል ስለሚሰፋ፣ ሞተሩ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ብሎኑን ወጥሮ የያዘው ኃይል ከፍና ዝቅ ይላል።

ብሎኑ እንዳይላላ ጥርሱ ላይ የሚቀባ ሙጫ ሊገዛ የሚሄድ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው ቀለሙን ነው። ቀለሙ የሚነግረው ግን ሙጫው ብሎኑን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ ብቻ ነው፤ ስለ ሙቀት የሚናገረው ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው የምርት ቁጥር ነው። በስፋት የሚታወቀውን ሎክታይት የተባለውን የሙጫ ብራንድ ብንወስድ፣ ቀዩ 271 እጅግ ጠንካራ ሆኖ ሳለ የሙቀት ገደቡ 150 ዲግሪ ሲሆን፣ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ሰማያዊው 243 ግን እስከ 180 ዲግሪ ይዘልቃል። ስለዚህ «ሞተሩ ስለሚግል ቀዩን ልውሰድ» የሚለው አስተሳሰብ ገዢውን በሁለት በኩል ይጎዳዋል፤ ከሰማያዊው ያነሰ ሙቀት የሚችል፣ ሲቀዘቅዝም የማይፈታ ሙጫ ይዞ ይመለሳል።

ሐምራዊው 222 ለቀጫጭን ብሎኖችና እንደ አሉሚኒየምና ነሐስ ላሉ ለስላሳ ብረቶች የታሰበ ነው። በቀላል ካቻቢቴ ስለሚፈታ፣ የካርቡሬተሩን መክፈቻ ዘንግ ለሚይዙት ጥቃቅን ብሎኖች ተስማሚ ነው። ገደቡ 150 ዲግሪ በመሆኑ ግን ከጭስ ማውጫው አካባቢ ቢርቅ ይሻላል።

አንድ ጠርሙስ ብቻ መግዛት ለሚችል ሰው የምመክረው 243ን ነው። ምክንያቱ ሙቀት መቻሉ ብቻ አይደለም። የናይትሮ ነዳጅ ሜታኖል፣ ናይትሮሜቴንና ዘይት የተቀላቀለበት ስለሆነ፣ ከዚህ ሞተር ላይ የሚወጣ ብሎን ሁሉ ዘይት የነካው ነው፤ 243 ደግሞ ቀለል ያለ የዘይት ቅሪትን ተቋቁሞ እንዲደርቅ ተደርጎ የተሠራ ነው። ይህ ማለት ግን ብሎኑን ሳያጸዱ መቀባት ይቻላል ማለት አይደለም፤ የብሎኑንም የቀዳዳውንም ጥርስ በአሴቶን ወይም በአልኮል አጥቦ ማድረቅ ከየትኛውም ውድ ሙጫ በላይ ዋጋ አለው። ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የሚያስሩት ብሎኖች የዚህ ሙጫ ዋና ቦታ ናቸው። ፍሪሲዮኑን ከዘንጉ ጫፍ ላይ የሚይዘው ትንሽ ብሎንም እንዲሁ ሙጫ ይፈልጋል፤ ሆኖም ጠብታው በዝቶ ወደ ኩሽኔታው ከፈሰሰ ኩሽኔታውን ያጣብቀዋልና፣ ጥርሱን በስሱ የሚሸፍን ያህል ብቻ ይበቃል።

ቀዩን በተመለከተ ፍርዴ ጠንከር ያለ ነው፤ ለ3 ሚሊ ሜትር ብሎን አይገባም። አምራቹ ራሱ ለመፍታት እስከ 250 ዲግሪ ገደማ ማሞቅ እንደሚያስፈልግ ይገልጻል፤ ይህ ሙቀት በአቅራቢያው ላሉ የጎማ ቀለበቶች አይበጅም። ሳይሞቅ በጉልበት ሲታገሉት ደግሞ ወይ የብሎኑ ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ ተበልቶ ይበላሻል፣ ወይ የአሉሚኒየሙ ጥርስ ከብሎኑ ጋር ተነቅሎ ይወጣል። እስከ 230 ዲግሪ የሚችለው ቀይ 272 የሙቀቱን ጥያቄ ቢመልስም የአፈታቱን ችግር አያቃልልም። ብሎኖቹ ቀድሞ ቀይ ሙጫ የተቀቡ ሞተር የገዛ ሰው፣ የብየዳ ካውያ ጫፍ በብሎኑ ራስ ላይ ለጥቂት ጊዜ አሳርፎ ወዲያው መፍታት ይችላል፤ ሙቀቱ በብሎኑ ላይ ስለሚያርፍ ሞተሩን በሙሉ በነበልባል ከማሞቅ ይሻላል።

የጭስ ማውጫው ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። በብዙዎቹ የውድድር ሞተሮች ላይ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ መቀነሻ) የሚያዘው በስፕሪንግ ስለሆነ ሙጫ አያስፈልግም። በአንዳንድ ትናንሽ ሞተሮች ላይ ግን የጭስ ማውጫው በሁለት ብሎን ይታሰራል፤ በዚያ ቦታ ያለው ሙቀት ቴስታታው ላይ ከሚነበበው እጅግ ስለሚበልጥ 243 አይዘልቅም። እዚህ የሚያዋጣው እንደ ፓስታ ወፈር ያለው፣ መካከለኛ ጥንካሬ ያለውና እስከ 340 ዲግሪ የሚችለው 2422 ነው። ከተራው ሙጫ ይወደዳል፤ ለሁለት ብሎን ብሎ መግዛት የማይዋጥለት ሰው ከብሎኑ ራስ ሥር ጥንድ ሆነው የሚገቡትን ኖርድ ሎክ የተባሉ ሮንዴላዎች ሊመርጥ ይችላል። እነዚህ የሚይዙት በቅርጻቸው ስለሆነ፣ ሙጫን የሚያለሰልስ ሙቀት አያስፈታቸውም። የተለመደው ባለ አንድ ክፋይ ስፕሪንግ ሮንዴላ ግን ወደ ጎን በሚመታ ንዝረት ላይ ደካማ መሆኑ በሙከራ ታይቷል። ውስጡ የናይለን ቀለበት ያለው ዳዶም ለጎማ ማሰሪያ ጥሩ ቢሆንም፣ ናይለኑ ከ120 ዲግሪ በላይ ስለማይመከር ከሞተሩ ይራቅ።

ቴስታታውን ለሚይዙት ብሎኖች ማንኛውንም ሙጫ አልመክርም፤ በመስቀለኛ ቅደም ተከተል እኩል ማጥበቅ፣ ከመጀመሪያዎቹ ሙቀቶች በኋላም ሞተሩ ሲቀዘቅዝ እንደገና መፈተሽ ይበቃቸዋል። ካንዴላ ላይማ ፈጽሞ አይቀባም። ብሎኑ በቀጥታ ፕላስቲክ ውስጥ የሚገባ ከሆነም ሙጫው እንደ ፖሊካርቦኔት ያለውን ፕላስቲክ ሊሰነጥቅ ስለሚችል መተው ነው።

ሲገዙ 10 ሚሊ ሊትሩ ለአንድ መኪና ከበቂ በላይ ነው። ጠርሙሱ ጎደል ብሎ ቢታይ ሻጩን አይጠርጥሩት፤ ሙጫው የሚጠጥረው አየር ሲያጣና ብረት ሲነካ ስለሆነ፣ ሳይደርቅ እንዲቆይ አየር ሆን ተብሎ ይተውለታል። ከብሎኑ ራስ ሥር ተርፎ የወጣው ጠብታ እርጥብ ሆኖ መቅረቱም በዚሁ ምክንያት ነው። ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው በ24 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ በአሉሚኒየምና በማይዝግ ብረት ላይ ከዚያም ሊዘገይ ስለሚችል፣ ቅዳሜ ለሚነዳ መኪና ሙጫው ሐሙስ ቢቀባ ይመረጣል።