ወደ ናስካር፦ በአፈር ትራክ ወይስ በሲሙሌተር?

ናስካር (የአሜሪካ ታዋቂ የመኪና ውድድር) ላይ መንዳት የሚመኝ አሜሪካዊ ልጅ በየትኛው በር ይግባ? ሹፌሩ ካይል ላርሰን አፈር ትራክ (አስፋልት የሌለው የውድድር ሜዳ) ላይ ያደገ ነው፤ ዊልያም ባይረን ደግሞ የጀመረው ቤቱ ተቀምጦ፣ በኮምፒውተር ሲሙሌተር፣ ማለትም መኪና መንዳትን በሚያስመስል ጌም። ዛሬ ሁለቱም ለሄንድሪክ ሞተርስፖርትስ ቡድን ይነዳሉ።

ወጪ፦ አፈሩ ኪስ ያራቁታል። ሞተር፣ ጎማ፣ ነዳጅ፣ ተጎታች፤ በዚያ ላይ የተጋጨ መኪና ማሠሪያ። ለሲሙሌተር መሪ፣ ፔዳልና ጥሩ ኮምፒውተር ይበቃል።

አደጋ፦ ስክሪን ላይ ግድግዳ ብትገጭ እንደገና ትጀምራለህ። ጉድለቱም እሱው ነው፤ ፍርሃትን አያስለምድም።

ክህሎት፦ አፈር ላይ የኋላ ጎማ ሲንሸራተት መሪውን ወደ ቀኝ ይዘህ ወደ ግራ ትታጠፋለህ። መኪናው ሊያመልጥህ ሲል ከዓይንህ በፊት ወገብህ ያውቀዋል። ላርሰን የ2021 የናስካር ሻምፒዮን ነው። ሲሙሌተሩ ግን ትራኩን ሳትረግጠው ያስጠናሃል፤ ባይረን የናስካርን ትልቅ ውድድር ዴይቶና 500ን በ2024ም በ2025ም አሸንፏል። እንግዲህ ጌም ነው ብሎ መናቅ ይከብዳል!

ስፖንሰር፦ በሁለቱም በኩል ራስ ምታት ነው።

ቤተሰቡ ጋራዥ ላለውና በልጅነቱ ለሚጀምር አፈሩ ይሻለዋል። ዘግይቶ ለተነሣና እጅ ላጠረው ሲሙሌተሩ፤ ግን ባይረንም በ15 ዓመቱ እውነተኛ መኪና ውስጥ ገብቷል።