ደሴ–አዲስ አበባ በ19 ደቂቃ ነው አሉ

የሁለት ከተሞችን ርቀትና የበረራ ሰዓት የሚያሰላ አንድ የስልክ አፕ አለ። ስሙን ተዉት። ባለፈው እማዬን ለዓይን ሕክምና አዲስ አበባ ልወስዳት ስል ከፈትኩትና ደሴንና አዲስ አበባን አስገባሁ። 250 ኪሎ ሜትር፣ 19 ደቂቃ አለኝ። እኔ ሞኙ ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

"19 ደቂቃ? በል ቡናውን በፔርሙስ ልያዝ፣ ሳይበርድ እንደርሳለን።"

ርቀቱ ላይ አልዋሸም። በአየር ቀጥታ ከተለካ ያው 250 ገደማ ነው። በመኪና ግን 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ በኬሚሴ፣ በሸዋ ሮቢት፣ በጣርማ በር ዋሻ አድርጎ በደብረ ብርሃን የሚገባውን መንገድ በአውቶብስ የሄደ ሰው ወገቡን ይጠይቅ። ያስቀየመኝ ሰዓቱ ነው። 250ን በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ለሚል ፍጥነት አካፍላችሁ በ60 አባዙት፣ 19 ደቂቃ ይመጣል። አፑ የሚያውቀው ትልቁን ጄት ብቻ ነው ማለት ነው፣ ያውም ሲነሳም ሲያርፍም ፍጥነቱ የማይቀንስ! እኛን የጫነን ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 ነው። እሱ ላይ ወጥቶ ሲረጋጋ እንኳ በሰዓት 660 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው የሚበረው። መንደርደሩ፣ መውጣቱ፣ ለማረፍ መዞሩ ሲጨመርበት 50 ደቂቃ ፈጀብን። በረራው ራሱ ምንም አይወጣለትም።

ደግሞ ደሴ አየር ማረፊያ የላትም። አፑ ደሴ ብሎ ዲኤስኢ የሚል ኮድ ይሰጣችኋል፣ አውሮፕላኑ የሚቆመው ግን ኮምቦልቻ ነው፣ 25 ኪሎ ሜትር ወርዳችሁ። ያ የሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለት! እማዬ ነጠላዋን ተከናንባ ሎሚ እያሸተተች፣ በየኩርባው የወንበሩን ጀርባ ጭምድድ አድርጋ ይዛ፣ "አንተ፣ ይሄም ከ19ኙ ይቆጠራል?" ስትለኝ ባለታክሲው በሳቅ ፈረሰ።

ዋናው ጣጣ ሰዓት አቆጣጠሩ ነው። አፑ መነሻችንን 9:30 ብሎ አስቀመጠ፣ እኔም ስክሪኑን ፎቶ አንስቼ አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ላክሁለት። ያ በፈረንጅ ነው እንጂ በእኛ ከጠዋቱ 3:30 ነው። እሱ ከቀኑ 9:30 መስሎት ሥራው ላይ ተረጋግቶ ተቀምጧል። እኛ 4:20 አርፈን፣ ሻንጣ ይዘን፣ ቦሌ በር ላይ ጭኮና በርበሬ ታቅፈን እስከ 6 ሰዓት ተገተርን። ከቤት የወጣነው 12 ሰዓት ላይ ነበር። ቁጭ ብላችሁ ቁጠሩት፣ 6 ሰዓት ሙሉ። ከአውቶብሱ ይሻላል፣ አልካድኩም። ቡናው ግን በርዷል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚሸጥ አፕ የኛን ሰዓት ከጎን መጻፍ ስንት መስመር ኮድ ይፈጃል? እሱን ቢያስተካክሉና ከበረራው ላይ ግማሽ ሰዓት ቢጨምሩበት 4 ኮከብ እሰጠው ነበር። አሁን 2 ነው፣ እሱም ርቀቱን በትክክል ስለለካ።

ትናንት ማታ ደግሞ ከደሴ ላሊበላ ብዬ ሞከርኩት። 120 ኪሎ ሜትር፣ 9 ደቂቃ። በወልድያና በጋሸና ዞሮ የሚሄድ ሰው እኮ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው የሚነዳው። ይህቺን ለእማዬ አላነበብኩላትም።